የእናት ፈትል በበረኪና አይታጠብም

በዚህ ገጽ ላይ በየዕለቱ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ የሀገራችንን ከባድ ጉዳይ ነው። ዛሬ ለለውጥ ያህል ወደየቤታችን እንግባና ቁም ሳጥናችንን እንክፈት። ከሀገሩ የወጣ ኢትዮጵያዊ፣ ዋሽንግተን ይሁን ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ ይሁን ጅዳ፣ በቁም ሳጥኑ ጥግ ወይም ከአልጋው ሥር በገባ ሻንጣ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር አያጣም። ጋቢ ነው፣ ነጠላ ነው፣ የሐበሻ ቀሚስ ነው፣ ወይም ከአያት የተወረሰ ቡሉኮ ነው። ለበዓል ይወጣል፣ ለሰርግ ይወጣል፣ ለለቅሶ ይወጣል፣ ለሰላማዊ ሰልፍም ይወጣል። በወጣ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይነካዋል፤ የዶሮ ወጥ ፍንጣሪ፣ የቡና ጠብታ፣ የጧፍ ሰም፣ የሕፃን አፍንጫ ደም።

"ይህን ያህል የሀገር ጣጣ ተደራርቦ ሳለ ስለ ጋቢ እድፍ ማውራት ምን ይባላል?" የሚል ወገን ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የብዙዎቻችን እናቶች ዛሬ በሕይወት የሉም። በሕይወት ሳሉ ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን አስነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው፣ በእንዝርት ፈትለው ለሸማኔ የሰጡት ክር ግን ዛሬም በየቁም ሳጥናችን አለ። ያ ክር ቢበላሽ ከሽሮ ሜዳም ከዶርዜም ሌላ መግዛት ይቻላል፤ የእርሳቸውን እጅ ግን መግዛት አይቻልም። እንግዲህ ስለ እድፍ ማውራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የዚህች ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። ጋቢና ነጠላ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው ከእድፉ የሚመጣ ሳይሆን እድፉን ለማስለቀቅ ከምናደርገው ጥድፊያ የሚመጣ ነው። የፈላ ውሃ፣ በረኪና፣ በብሩሽ መፈተግና የማድረቂያ ማሽን ሙቀት፣ እነዚህ አራቱ ተጋግዘው በአንድ ቀን የሚያጠፉትን እድፍ ብቻውን በአሥር ዓመት አያጠፋውም። አበው "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከመንካት በፊት ልብሱን ማወቅ

የእጅ ፈትል ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ታጋሽ ነው፤ ሲረጥብ ክሩ ይጠነክራል እንጂ አይዳከምም፤ ሳሙናን ይችላል፤ መጠነኛ ሙቀትንም ይችላል። የማይወደው አሲድ ላዩ ላይ እንዲደርቅበት፣ ክሎሪን እንዲደጋገምበትና በኃይል እንዲፈተግ ነው። የእጅ ፈትል እንደ ፋብሪካ ክር እኩል የተገመደ ስላልሆነ፣ አንዱ ቦታ ወፍራም ሌላው ቦታ ስስ ነው፤ ብሩሽ ሲያገኘው ስሱ ቦታ ይበጠሳል፣ ወፍራሙም ይፀጉራል።

በርኖስ ግን ሌላ ነው። በርኖስ ሱፍ ነው፤ ሱፍና ሐር ደግሞ እንደ ፀጉራችን ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። በረኪና እነዚህን ያቃጥላቸዋል፣ ይበላቸዋል። ደም ለማስለቀቅ ተብሎ ኢንዛይም የተጨመረበት ሳሙናም ፕሮቲን ስለሚበላ ለሱፍና ለሐር አይሆንም። በርኖስ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፣ ጥላ ሥር ነፋስ ይመታዋል፣ ከዚያ ያለፈውን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ትልቁ ጣጣ ያለው ጥለቱ ላይ ነው። የድሮ ጥለት ጥጥም ሐርም ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ግን በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ አንዳንዱም የሚያብረቀርቅ ብረት መሰል ክር አለበት። ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዘርፉ ላይ የላላች አንዲት ክር ቆርጦ፣ በወረንጦ ይዞ፣ ከልብሱ ርቆ ውሃ መያዣ ላይ በክብሪት ቢያቃጥላት ትነግረዋለች። እንደ ወረቀት ከሸተተች ጥጥ ናት፤ እንደ ፀጉር ከሸተተች ሐር ወይም ሱፍ ናት፤ ቀልጣ ጠንካራ ፍሬ ከሠራች ሰው ሠራሽ ናት።

ቀጥሎ ቀለሙ ይፈተናል። ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡና ጥለቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑት። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ምልክት ከወጣ፣ ያ ጥለት ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ወደ ነጩ ክፍል ይፈሳል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ልብሱን ከመንከር ይልቅ እድፉ ያለበትን ቦታ ብቻ ማከም ይመረጣል። "ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስራል" እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምክር ለዛሬዎቹ ቀለሞች አስተማማኝ አይደለም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት ያለበትን ነጠላ ለብሶ ሰልፍ ላይ በዝናብ የተመታ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ቀለሙ ከፈሰሰም መድኃኒት አለው። ዋናው ነገር አለማድረቅ ነው። ልብሱ እንደረጠበ፣ ሰፊ ዕቃ ውስጥ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይነከር፤ ውሃው ቀለም በያዘ ቁጥር ይቀየር፤ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይደገም። በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ቀለም የሚስብ የእጥበት ወረቀት እዚህ ላይ ያግዛል። ደርቆ ከተተኮሰ በኋላ ግን የፈሰሰው ቀለም የራሱን ቤት ይሠራል።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

"ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ" የሚለው ተረት ስለ እድፍ የተነገረ ይመስላል። ትኩስ እድፍ ገና ክሩ ላይ ነው ያለው፤ ሲውል ሲያድር ክሩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወጡ ሲፈናጠቅ መጀመሪያ የሚደረገው በማንኪያ ጀርባ ወይም በደነዘ ቢላ ከላይ ያለውን ማንሳት ነው። ቀጥሎ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መጫንና ማንሳት፣ መጫንና ማንሳት። መፈተግ የለም። መፈተግ እድፉን ወደ ጎን ያሰፋዋል፣ ወደ ውስጥም ይነዳዋል። ውሃ ሲፈስበትም ከጀርባ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ እድፉ በገባበት በር እንዲወጣ ነው።

እድፉ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ይጀመራል። ምክንያቱም ቀዝቃዛ ውሃ ምንም እድፍ አያባብስም፤ ሙቅ ውሃ ግን አንዳንዱን ለዘለዓለም ያትመዋል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን እድፍ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወጥ፣ ቅቤና በርበሬ

የዶሮ ወጥ እድፍ ሁለት ነገር ነው፤ ቅባትና ቀለም። የበርበሬው ቀይ ቀለም በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ነው የሚሟሟው። ነጠላው ላይ የምናየው ቅላት በቅቤውና በዘይቱ ላይ ተሳፍሮ የመጣ ነው። ስለዚህ በውሃ ብቻ ያጠበ ሰው ይደክማል። መጀመሪያ ቅባቱን የሚያስወግድ ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህም የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል። በደረቁ እድፍ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ፣ በጣት በቀስታ አስርጎ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አቆይቶ፣ ለብ ባለ ውሃ ማለቅለቅ ነው። አንድ ጊዜ ካልበቃ ይደገማል። ቅባቱ ሲሄድ አብዛኛው ቅላት አብሮ ይሄዳል። የቀረውን ደብዛዛ ብርቱካንማ ቀለም ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ የበርበሬ ቀለም ብርሃን አይችልም።

ፀጉር ላይ የሚደረግ ለጋ ቅቤ ሻሽና የነጠላ ጫፍ ሲነካም ሕጉ ያው ነው። ቅባት ሳይታጠብ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ግን በአየር ይለወጥና ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ሳሙናው ቶሎ አይደርስበትም። ስለዚህ "ብዙ አይታይም" ተብሎ ከነቅባቱ የታጠፈ ነጠላ በሚቀጥለው ዓመት ሲወጣ ይታያል።

እርድ

የአልጫ እድፍ ሰውን የሚያስደነግጥ ጠባይ አለው። ቢጫውን ነጥብ በሳሙና ሲያሹት ድንገት ወደ ቀይ ይለወጣል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ልብሱ የተበላሸ መስሏቸው ወደ በረኪናው ይሮጣሉ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለው ቀለም ሳሙናን የመሰለ ነገር ሲያገኘው ይቀላል፤ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ የመሰለ ነገር ሲያገኘው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ስለዚህ መቅላቱ አያስፈራም፤ ገና እርድ እንዳለ ይናገራል።

ኩርኩሚን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በአልኮል ግን ይሟሟል። ጥለቱ የሌለበት ነጭ ጥጥ ላይ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቅባቱን በሳህን ሳሙና አስለቅቆ፣ ቀጥሎ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በነጭ ጨርቅ አድርጎ መጫንና ማንሳት ነው፤ ይህም እሳት በሌለበትና መስኮት በተከፈተበት ቦታ ይሁን። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ ማስጣት። የእርድ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ናት። በክረምት ፀሐይ በማይታይበት ሀገር ያለን ሰዎች ነገሩ ይከብደን ይሆናል፤ ሆኖም መስኮት ሥር ለጥቂት ቀናት የተዘረጋ ነጠላም ውጤት ያሳያል።

ቡና፣ ሻይና ቀይ ወይን

እነዚህ ሦስቱ ታኒን የተባለ ነገር ያላቸው የዕፅዋት እድፎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ደረቅ የቁራጭ ሳሙና ታኒንን ያጠነክረዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ትኩስ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባ በኩል ማፍሰስ፣ ቀጥሎ ፈሳሽ የልብስ ሳሙና፣ ከዚያም አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ ለሁለት እጅ ውሃ በጥብጦ በጨርቅ መጫንና በደንብ ማለቅለቅ ነው። ወተት የገባበት ማኪያቶ ከሆነ ፕሮቲንም ቅባትም ስላለው የግድ በቀዝቃዛ ውሃ ይጀመራል።

ጠጅና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ያታልላሉ። ሲደርቁ ላይታዩ ይችላሉ፤ ካውያ ወይም ማድረቂያ ማሽን ሲያገኛቸው ግን ስኳሩ ያርና ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ከሰርግ የተመለሰ ነጠላ "ንጹሕ ነው" ተብሎ ሳይታጠብ አይተኮስም።

ደም

የደም ሕግ አንድ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ። እንቁላል መጥበሻ ላይ እንደሚረጋ ሁሉ ደምም በሙቅ ውሃ ይረጋና ክሩን ይይዛል። በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መቀያየር፣ ጥቂት ጨው መጨመር ይቻላል። ነጭ ጥጥ ላይ የቀረ ቡናማ ጥላ ካለ በቡናማ ጠርሙስ ከፋርማሲ የሚሸጠውን ሦስት በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጠብ ማድረግ ነው። ይፈላል፣ ያረፋል፣ ከዚያ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል። ጥለት ላይ ግን ሳይፈተን አይነካም።

ሰምና ዝገት

ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላ ላይ ጧፍ መንጠባጠቡ የተለመደ ነው። ትኩሱን ሰም በእጅ መጥረግ ስሕተት ነው። ነጠላውን በፌስታል አድርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ማስቀመጥ፤ ሰሙ ሲጠነክር በጥፍር ወይም በማንኪያ መፋቅ፤ የቀረውን ከላይና ከታች ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት አድርጎ ለብ ባለ ካውያ መተኮስ። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣልና ካውያው ብዙ መጋል የለበትም። ወረቀቱ ሰሙን ይጠጣዋል፤ በየጊዜው ይቀየራል። የሚቀረው የቅባት ጥላ በሳህን ሳሙና ይወጣል። ሰሙ ባለቀለም ከሆነ ግን ሙቀት ቀለሙን ያሰርገዋልና ከመፋቁ በኋላ ወደ አልኮሉ መሄድ ይሻላል።

የሻንጣ መቆለፊያ ወይም መርፌ ቁልፍ የተወው የዝገት ነጥብ በበረኪና የባሰ ይጠቁራል። ፐሮክሳይድም ከብረት ጋር ሲገናኝ ክሩን ይበላዋል። ዝገት የሚፈልገው አሲድ ነው። የሎሚ ጭማቂና ጥቂት ጨው አድርጎ ለአጭር ጊዜ ፀሐይ ላይ ማቆየት ነው፤ ነገር ግን አሲድ ጥጥን ስለሚጎዳ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት።

በረኪና፤ የማንወጣው ልማድ

በረኪና የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ዕቃው ግን የተወለደው ፈረንሳይ ነው። ክሎድ ቤርቶሌ የተባለው ኬሚስት በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክሎሪን ጨርቅ እንደሚያነጣ ካሳየ በኋላ፣ ከፓሪስ አጠገብ በነበረችው ዣቬል መንደር ፈሳሹ ተሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት የአውሮፓ ነጭ ጨርቅ የሚነጣው ለሳምንታት ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ነበር። በረኪና ሳምንቱን ወደ ሰዓት አሳጠረው፤ ዋጋውን ግን ክሩ ከፈለ። ክሎሪን እድፉን ብቻ ለይቶ አያውቅም፤ የጥጡንም ሥጋ ይበላል። አንድ ጊዜ ላይታይ ይችላል፤ ሲደጋገም ጋቢው በእጅ ሲጎተት እንደ ወረቀት ይቀደዳል። በደንብ ካልተለቀለቀ ደግሞ ራሱ ይወይባል።

በበረኪና ፋንታ ለነጭ ጥጥ የሚሆነው በዱቄት መልክ የሚሸጠው የኦክስጅን ማንጫ ነው። የኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ሲሆን በየሀገሩ በተለያየ የንግድ ስም ይገኛል። ውሃ ሲነካው ፐሮክሳይድ ይለቃል። ለብ ባለ ውሃ በደንብ አሟሙቶ፣ ጋቢውን ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ማለቅለቅ ነው። ለሱፍና ለሐር አይሆንም። የተበጠበጠውም በተዘጋ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ጋዝ ስለሚለቅ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል።

እዚህ ላይ ከጋቢ የሚበልጥ ነገር አለ። በቤይሩት፣ በዱባይ፣ በኩዌት፣ በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን በየቀኑ የሌላውን ሰው መጋረጃ፣ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ያነጣሉ። ብዙ ጊዜ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በማይገባቸው ቋንቋ የተጻፈበትን ጠርሙስ ይዘው፣ "ቶሎ ይንጣ" እየተባሉ ነው። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ፣ ከዝገት ማስለቀቂያ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሚያዝያ 1915 (እ.ኤ.አ.)፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደሮች የተፈጁበት ነው። ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀልም ሳንባ የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ ይወጣል። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች አሞኒያ አለባቸው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሁሉ ዓረብ ሀገር ያለች እህት ወይም ዘመድ ካለችው ዛሬውኑ ደውሎ ይንገራት። በረኪና ከውሃ በስተቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም። ዓይን ካቃጠለ፣ ጉሮሮ ከቆነጠጠ፣ ሳል ከጀመረ፣ ሥራውን ጥሎ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፤ ዓይንን በብዙ ውሃ መታጠብ፤ ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ሐኪም ማግኘት። የማንም ቤት መጋረጃ የአንዲትን እህት ሳንባ አያህልም።

የእንዶድ ነገር

እናቶቻችን በረኪና ሳያውቁ ሸማቸው እንዴት ነጣ? መልሱ በየአጥሩ የሚበቅለው እንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የተባለ፣ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ነገር አለው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ሸማው ይታሻል፣ ሣር ላይ ይሰጣል። ክሩን ሳይበላ ያጸዳል፤ ማንጣቱን ፀሐይዋ ትጨርሳለች።

ከዚሁ የልብስ እጥበት አንድ ትልቅ የሳይንስ ግኝት ወጥቷል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ በሽታን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው የወንዝ ቀንድ አውጣ ናት። እንግዲህ እንዶድ በሽታውን ከምንጩ ለመከላከል እንደሚያገለግል የታወቀው በልብስ አጣቢዎች ምክንያት ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ወንዝ ዳር የሚታጠበውን ሸማ አንድ ምሁር ቆም ብሎ ባያየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር።

አጠባና ማድረቅ

ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል። አሜሪካኖች ከአያቶቻቸው ለወረሱት ኩዊልት ለሚሉት የተደራረበ ብርድ ልብስ ትልቅ ጥንቃቄ ያደርጋሉ፤ ኔብራስካ ውስጥ ሊንከን ከተማ ለኩዊልት ብቻ የቆመ ሙዚየም አላቸው። ጥንታዊ ጨርቅ የሚጠብቁ ባለሙያዎች የሚሉት ለጋቢም ይሠራል። የረጠበ ከባድ ጨርቅ በአንድ ጫፍ ተይዞ አይነሳም፣ ገመድ ላይም አይንጠለጠልም፤ የራሱ ክብደት ክሩን ይበጥሰዋል።

ጋቢን በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ማጠብ ከማሽን ይሻላል። ገንዳው ውስጥ መጀመሪያ ንጹሕ አንሶላ ይነጠፋል፤ ጋቢው አንሶላው ላይ ይዘረጋል። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል፤ በመዳፍ እየተጫኑ ውሃውን ማስገባትና ማስወጣት ነው። ማለቅለቁ ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ ክሩ ውስጥ የቀረ ሳሙና ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። ሲወጣ አንሶላውን በአራቱ ማዕዘን ይዞ ማንሳት ነው፤ እዚህ ላይ የሁለት ሰው እጅ ያስፈልጋል። መጭመቅ የለም፤ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ መጫን ይበቃል። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ማድረቅ።

የማድረቂያ ማሽን ሁለት ጥፋት አለው። የእጅ ፈትልን ያኮማትራል፤ ያልለቀቀ እድፍ ካለም ያትመዋል። ስለዚህ ልብሱ ሳይደርቅ እድፉ መልቀቁን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ካልለቀቀ እንደረጠበ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ለላውንደሪ የሚሰጥ ሰውም እድፉ የት እንዳለና ምን እንደሆነ አሳይቶ ይስጥ። ደረቅ እጥበት ቅባትን ያስለቅቃል፤ የስኳርና የቡና እድፍ ግን ውሃ ነው የሚፈልገው።

ሻንጣው ውስጥ

ብዙ ነጠላ የሚወይበው ለብሰነው ሳይሆን አስቀምጠነው ነው። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ያበቅላል። ካርቶንና ያልተቀባ እንጨት አሲድ አላቸው፤ በታጠፈበት መስመር ቢጫ ያደርጉታል። የሚሻለው በደንብ አድርቆ፣ በታጠበ ነጭ የትራስ ልብስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በየጥቂት ወሩም አውጥቶ እጥፋቱን መቀየር ነው። ሸማን በወይራና በዕጣን ማጠን ደስ የሚል ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ጢስ ቅባትነት ያለው ጥላሸት ስላለው፣ ታጥኖ ዓመት ከሚቀመጥ ሊለበስ ሲል ቢታጠን ይመረጣል።

ናፍታሌን የሚባለውን ነጭ ፍሬ ሻንጣ ውስጥ የሚበትኑ ወገኖች ብዙ ናቸው። ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው፤ ንጹሕ ጥጥ አይበላም። ለጋቢ ናፍታሌን ትርፉ ሽታ ብቻ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ናፍታሌን ሲያገኛቸው ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል፤ በናፍታሌን በተቀመጠ ልብስ ተጠቅልለው ለከባድ ሕመም የተዳረጉ ጨቅሎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። አራስ ቤት ደግሞ ከሻንጣ መጀመሪያ የሚወጣው የአያት ጋቢ ነው። ናፍታሌን የነካ ጋቢ ሳይታጠብና ለቀናት አየር ሳይመታው ሕፃን አይጠቀለልበትም።

የማይለቅ እድፍ

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይለቅ እድፍ አለ። ያን ጊዜ ማቆም ነው። ጥቂት የደበዘዘ ነጥብ ያለበት ሙሉ ጋቢ፣ ነጥቡ ጠፍቶ ክሩ ካለቀ ጋቢ ይበልጣል። ጋቢ በሁለቱም ፊት ይለበሳል፤ ነጠላም አጣጣሉን ሲቀይሩት ነጥቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳ ከሆነም በነጭ የጥጥ ክር በእጅ መጠቀም ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዛሬ ሀገር ቤትም ቢሆን አብዛኛው ሸማኔ የሚሠራው በፋብሪካ ክር ነው፤ የጥለትን መልክ ያተሙ ሰው ሠራሽ ጨርቆችም ገበያውን ሞልተውታል። እንዝርት የምታሾር እናት እየጠፋች ነው። ልጆቻችን ደግሞ ከሻንጣ የሚወጣው ነጭ ጨርቅ ከየት እንደመጣ አያውቁም። ስለዚህ ጋቢውን አጥባችሁ ስታጥፉት ትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ማን ፈተለችው፣ የት ተሸመነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ለማን ተሰጠ። በብዕር አትጻፉት፤ የብዕር ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳልና ሌላ እድፍ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።